ራስን አግዝፎ ማየት፦ ለጊዜው ደስታ፣ ለኋላው ጭንቀት

በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ከፈተና በፊት ተማሪዎቻችንን «ስንት የምታመጡ ይመስላችኋል?» ብለን እንጠይቅ ነበር። አንዱን አንረሳውም። «ዘጠና አያመልጠኝም» ብሎ ደብተሩን ሳይገልጥ ገባ፤ አርባ አመጣ። ከዚያ በኋላ እጁን አውጥቶ መመለስ ተወ፤ ውሎ አድሮም በእኛ ክፍለ ጊዜ ይቀር ጀመር። የሰበረው አርባው ብቻ አልነበረም፤ በአርባውና በዘጠናው መካከል ያለው ርቀት ነበር።

ራስን ከሆኑት በላይ መገመት ለአእምሮ ሰላም ይበጃል ወይስ ይጎዳል?

አስቀድመን ይህ የጥቂት ሰዎች ጠባይ አለመሆኑን እንወቅ። በ1981 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ተመራማሪ ኦላ ስቬንሰን ባወጣው ጥናት፣ ከተጠየቁት አሜሪካውያን 93 በመቶ፣ ከስዊድናውያኑ ደግሞ 69 በመቶ የሚሆኑት በመንዳት ችሎታቸው ከተሻለው ግማሽ ውስጥ እንደሆኑ ተናግረዋል። ሁሉም ልክ ሊሆኑ አይችሉም።

በ1988 እ.ኤ.አ. ሼሊ ቴይለርና ጆናታን ብራውን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ይህ ግምት ጥቅም እንዳለው ጻፉ። ስለራሱና ስለነገው ከእውነታው ጥቂት የተሻለ ግምት ያለው ሰው ይበልጥ ይደሰታል፣ ለሥራም ይነሳሳል የሚል ነው ሐሳባቸው። እውነትም «አልችልም» ብሎ የተቀመጠ ሰው የትም አይደርስም።

ነገር ግን ሪቻርድ ሮቢንስና ጄኒፈር ቢር በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለዓመታት ተከታተሉ። የትምህርት ችሎታቸውን አጋነው የገመቱት መጀመሪያ ላይ ደስተኞች ነበሩ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ለራሳቸው ያላቸው ግምት እየወረደ፣ ልባቸውም ከትምህርቱ እየራቀ ሄደ። ማጋነኑ የተሻለ ውጤት አላስገኘላቸውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። «አውቃለሁ» ያለ ሰው አይከልስም፣ አይጠይቅም፣ እርማትንም እንደ ስድብ ይቆጥራል። ሳይዘጋጅ ይወድቃል፤ ሲወድቅም የተጋነነው ምስሉ አብሮ ይወድቃል።

ይህን ምስል የሚያሳብጠው ተማሪው ብቻ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ እኛ መምህራን ግን ራሳችንን መጠየቅ አለብን። «ደስ ይበላቸው» ብለን ቀላል ፈተና ያወጣንበት፣ ያልተገባ ማርክ የሰጠንበት ጊዜ አለ። ደስታውን ሰጠን፤ ሐዘኑን ግን ለሌላ ጊዜ አስተላለፍነው።

ዑለማዎቻችን ይህን በሽታ «ዑጅብ» ይሉታል፤ በራስ መደነቅ ማለት ነው። ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያ ዑሉሚ-ዲን» በተባለው ኪታባቸው ከኪብር ለይተው አብራርተውታል። ኪብር የሚኮሩበት ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ዑጅብ ግን አንድን ሰው ብቻውን በተቀመጠበት ይይዘዋል። ሥሩም ጸጋው ከአላህ መሆኑን መርሳት ነው።

የሑነይን ዕለትም ትምህርት ናት። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ከመካ መከፈት በኋላ፣ ሙስሊሞች 12 ሺህ ያህል ሆነው ወጡ፤ ከነርሱም ውስጥ በብዛታቸው የተደነቁ ነበሩ። ጥቃቱ ሲጀመር ግን ብዛቱ አልጠቀመም፤ ብዙዎች አፈገፈጉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጸኑ፣ የሸሹት ተመለሱ፣ አላህም ድል ሰጠ። ቁርኣን ይህን ያስታውሰናል።

መድኃኒቱ ግን ራስን ማዋረድ አይደለም። የተሰጠንን ችሎታ መካድም ኒዕማን መካድ ነው። መድኃኒቱ ሙሐሰባ ነው፤ ራስን መተሳሰብ። ከፈተና ወይም ከሥራ በፊት ግምታችንን እንጻፍ፤ በኋላ ከውጤቱ ጋር እናስተያየው። እውነቱን የሚነግረን አንድ ወዳጅ እንያዝ። ልጆቻችንንም «አንተ ጎበዝ ነህ» ብለን ብቻ አንለፋቸው፤ «ይህን ክፍል በደንብ ሠርተሃል፣ ይህኛው ይቀርሃል» እንበላቸው።

ያ ተማሪያችን ከፈተናው በፊት «ስልሳ አመጣ ይሆናል» ብሎ ቢገምት ኖሮ ደብተሩን ይገልጥ ነበር። አርባ ቢያመጣ እንኳ ሃያውን ለመሙላት ይነሳ ነበር። ተወኩልም እንዲሁ ነው፤ ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት እንጂ ሳያስሩ መተማመን አይደለም።

ወላሁ አዕለም።