የታመቀ ዜማ ምን ይጐድለዋል?

ድምፅ ከአፍ በወጣ ጊዜ ነፋስ ተቀብሎ ይበትነዋልና፥ ብዙ ዘመን ሊያዝ የማይችል ነገር ሆኖ ኖሯል። ጽሕፈት ቃሉን ይይዛል እንጂ የተናጋሪውን ለዛ አይይዝም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1899 ዓመት ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ቃል በሰም ላይ የተቀረጸ ስለ ነበረ፥ ዛሬም በሎንዶን ተጠብቆ ይገኛል፤ የሁለቱንም ድምፅ ለመስማት ይቻላል። ንግሥቲቱ አስቀድማ ወደ አዲስ አበባ የላከችው ቃል ግን ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ታዞ ስለ ነበረ ጠፍቶ ቀርቷል። ስለዚህ ከሁለት ወገን ከተነገረው ነገር አንዱ ወገን ብቻ ቀረ።

ከዚያም በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፥ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ሄደው በነበረ ጊዜ ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በ1961 ዓ.ም. አቶ አምኃ እሸቴ የራሳቸውን የሸክላ ማሳተሚያ ድርጅት በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ሸክላው ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ካሴትም በተራው አልፎ፥ ዛሬ ዜማ ሁሉ ከጥፍር በማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ገብቶ በኪስ ይዞራል። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን ዜማው እንዲህ ባለች ጠባብ ቤት ይገባ ዘንድ መታመቅ ግድ ይሆንበታል፤ ሲታመቅም ከእርሱ የሚጣል ነገር አለ። የሚጣለው ምን እንደ ሆነና ማን እንደሚወስነው ማወቅ የሚገባ ሆኖ ሳለ፥ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ፥ መርሳ ከመድረሱ በፊት በሀብሩ ወረዳ ውርጌሳን ያገኛል። አገሩ የአምባሰል ጐረቤት ነው። ከአራቱ ቅኝቶች፥ ማለት ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፥ ሁለቱ የወሎን አገር ስም ይዘው የሚጠሩ መሆናቸውን የማያውቅ የለም። እንግዲህ በዚህ አገር ያደገ ሰው መሰንቆው ሲገዘገዝ ሰምቶ፥ ቅኝቱ ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ማንም ሳያስተምረው ይለያል። እንደዚህ ላለ ጆሮ ጐደሎ ድምፅ ማቅረብ የሚያሳፍር ነው። ሆኖም በዚህ መንገድ ዳር ባሉት ከተሞች፥ እንደ ሌላውም አገር ሁሉ፥ በስልክ ሙዚቃና መዝሙር የሚጭነው ወጣት የሚጠየቀው ስንት ዘፈን ይገባል ተብሎ ነው እንጂ፥ የገባው እንዴት ይሰማል ተብሎ አይደለም።

ለሊቃውንት ነገሩ እንግዳ አይሆንም። በንጉሠ ነገሥት ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት ባዘጋጁ ጊዜ፥ ያደረጉት ሥራ በአንድ በኩል ማመቅ ነበር። ይዘት፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ሂደት፥ ቁርጥ፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ደረት እየተባሉ ከፊደል በላይ የሚቀመጡት ምልክቶች እጅግ ትንሽ ናቸው፤ አንዲት ምልክት ግን የድምፅን አካሄድ ታመለክታለች፤ ከአንድ ቃል ተቀንጭባ የምትጻፍ አንዲት ፊደልም ሙሉ የዜማ ሐረግ ታስታውሳለች። ብራናው ጥቂት ይይዛል፤ የቀረውን ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዓመታት የቈየው ደቀ መዝሙር ከልቡ አውጥቶ ይሞላዋል። የኮምፒዩተሩ እመቃ ከዚህ የሚለየው በዚህ ነው። ፋይሉን ከፍቶ የሚያሰማው መሣሪያ መምህር አልነበረውም፤ የተጣለውን ነገር የሚያስታውስበት ልብ የለውም፤ የተሰጠውን ብቻ ያሰማል።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንመለስ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1982 የወጣው ሲዲ ድምፅን በአንድ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካዋል፤ እያንዳንዱም ልክ በ16 ቢት ይጻፋል፤ ይኸውም በግራና በቀኝ ሁለት ጊዜ ነው። ተባዝቶ ሲታይ በየሴኮንዱ 1,411,200 ቢት ይሆናል። በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ በፍራውንሆፈር ተቋም ያሉ ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ሆነው የሠሩት፥ ደንቡ በ1993 የታተመው፥ ኤም ፒ ስሪ የተባለው ስልት ይህን ብዛት ቀንሶ በ320 ሺሕ፥ በ192 ሺሕ፥ በ128 ሺሕ ወይም በ64 ሺሕ ቢት ይጽፈዋል። 128 ሺሕ ማለት ከ11 እጅ 1 እጅ ብቻ ማስቀረት ነው፤ 64 ሺሕ ደግሞ ከ22 እጅ 1 እጅ ነው። ሁለት ጊጋባይት በምትይዝ ካርድ ላይ 4 ደቂቃ የሚፈጅ ዜማ በሲዲው ልክ 47 ያህል ይገባል፤ በ320 ሺሕ 208፤ በ128 ሺሕ 520፤ በ64 ሺሕ ግን ከ1,000 ይበልጣል። ደንበኛው ብዛት ሲጠይቅ ባለ ሱቁ ወደ መጨረሻው ቍጥር ቢያዘነብል የሚያስደንቅ አይደለም።

ከ11 እጅ 10 እጅ ተጥሎ ዜማው ዜማ መስሎ መቅረቱ ግን በእውነት የሚደነቅ ጥበብ ነው። ምሥጢሩ በሰው ጆሮ ድካም ላይ የተመሠረተ ነው። ከበሮ በሚመታበት ቅጽበት በአጠገቡ የሚንሾካሾክ ሰው ቢኖር አይሰማም፤ ድምፁ ስለሌለ ሳይሆን ብርቱው ደካማውን ስለ ሸፈነው ነው። ስልቱም ድምፁን በቀጭንና በወፍራም ለይቶ ይመረምርና፥ በሌላው የተሸፈነውን ይጥለዋል ወይም በግምት ብቻ ይጽፈዋል። ደግሞም የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል ቢባልም፥ ላይኛው ጫፍ ከዕድሜ ጋር እየደከመ ይሄዳል፤ ስለዚህ በ128 ሺሕ ሲታመቅ ከ16,000 በላይ ያለው ብዙ ጊዜ ተቈርጦ ይቀራል። በነገራችን ላይ፥ የድምፅን ጥራት መርምሮ እንዲፈርም የሚታዘዘው ሹም ብዙ ጊዜ ዕድሜው የገፋ ነውና፥ ልጁን አብሮ ቢያስቀምጥ አይከፋም።

ቢቱ በቂ በሆነ ጊዜ የሚጣለው በእርግጥ የተሸፈነው ብቻ ነው። ቢቱ ሲያንስ ግን ማሽኑ ያልተሸፈነውንም መንካት ይጀምራል፤ ጕዳቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል አይደለም። ይህ ስልት ድምፅን 1,152 ልክ በያዘ ክፍል እየቈራረጠ ይሠራል፤ ይህም በሲዲው አለካክ ከአንድ ሴኮንድ ከ1,000 እጅ 26 እጅ ያህል ነው። ጸናጽል በክፍሉ መካከል በድንገት ቢጮኽ፥ ማሽኑ የተሳሳተበት ግምት በዚያ ቦታ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይዘረጋል። በዚህ ምክንያት ጸናጽሉ ከመጮኹ በፊት እንደ አሸዋ መንሸራተት ያለ ሹክሹክታ ይቀድመዋል፤ ጥርት ብሎ የሚቈርጠውም ድምፅ ደብዝዞ እንደ ውኃ ፍሳሽ ይሆናል። የአውሮጳ መርማሪዎች ይህን ጕድለት የሚፈትኑት እርስ በርሱ በሚጋጭ የእንጨት ማጨብጨቢያ ነው፤ የእኛ አገር ማኅሌት ግን ከዚያ የባሰ ፈተና ይሆንበታል፤ ጸናጽሉ፥ ከበሮውና የብዙ ሊቃውንት ድምፅ በአንድነት የሚሰማበት ነውና።

በገናም እንደዚሁ ነው። ከዐሥሩ አውታሮች ሥር የምትገባው ትንሽ ቍራጭ ቆዳ አውታሩን እየነካች የምታሰማው ዝንዝንታ የበገና መለያ ጠባይ ነው፤ ይህም ዝንዝንታ ከወፍራሙ ድምፅ በላይ በተደራረቡ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች የተሠራ ስለ ሆነ፥ በጠባብ ቢት ሲታመቅ መጀመሪያ የሚታጨደው እርሱ ነው። መሰንቆ የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲሳብ የሚወጣው ሻካራነት አለበት፤ ይህን ማሽኑ እንደ ጕድፍ ቈጥሮ ሊጠርገው ይዳዳዋል። ክራርም በጣት በተመታ ጊዜ የመጀመሪያው ንክኪ ስለታም ነው፤ እርሱ ከደነዘዘ ማን እንደ መታው መለየት ያስቸግራል።

የሚገርመው ደግሞ፥ ብዙ መሣሪያ ተሰብስቦ የሚጮኽበት ዘፈን ሲታመቅ ጕዳቱ ያነሰ መሆኑ ነው፤ አንዱ የሌላውን ነውር ይሸፍናልና። ብቻውን የቆመ የሰው ድምፅ ግን የሚሸፍንለት የለም። የስልቱ ዋና ሠሪ ካርልሃይንትስ ብራንደንቡርግ ሥራው የተሳካ በመሰለው ጊዜ ሱዛን ቬጋ የተባለችው አሜሪካዊት ያለ መሣሪያ የዘፈነችውን አንድ ዘፈን ቢፈትንበት ድምፅዋ ተበላሽቶ ስለ ወጣ፥ ያንኑ ዘፈን እየደጋገመ እየሰማ ስልቱን አርሟል። እንግዲህ አንድ መምህር ብቻውን ሆኖ ያዜመው ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ፥ ወይም አንዲት ባልቴት በአምባሰል ቅኝት ያንጐራጐረችው ለስስታም እመቃ እጅግ የማይመች ነው ማለት ነው፤ ሰው ግን ነገሩን በተቃራኒው ገምቶ፥ አንድ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ ትንሽ ይበቃዋል ይላል።

ፍርዱ ያለ አድልዎ እንዲሆን የባለ ሱቁም ወገን ይሰማ። በስልኩ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ለሚያዳምጥ መንገደኛ 128 ሺሑና 320 ሺሑ ልዩነት የላቸውም ቢባል ውሸት አይደለም። በደኅና ማዳመጫ እንኳ ከ256 ሺሕ በላይ የታመቀውን ከዋናው ለይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ነገሩ የሚገለጠው ያው ፋይል በበዓል ቀን ከሞንታርቦ ጋር ተገናኝቶ በአደባባይ ሲጮኽ ነው፤ በስልክ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ጕድለት ሁሉ በዚያን ጊዜ ተዘርግቶ ይሰማል።

ከዚህ የከፋው ደጋግሞ ማመቅ ነው። ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቍጥር ሹታው እየበዛ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቅ ነበርና ሰው ይጠነቀቅ ነበር። ፋይል ግን እንደ ነበረ ሲገለበጥ አንዲት ቢት አይጐድልበትም፤ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ዜማው ያልቃል የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። የሚያልቀው ተከፍቶ እንደገና ሲታመቅ ነው። በ128 ሺሕ የታመቀው ቦታ ለመቈጠብ ተብሎ ወደ 64 ሺሕ ሲወርድ፥ የፊተኛው ስሕተት እንደ እውነተኛ ዜማ ተቈጥሮ ሌላ ስሕተት ይደረብበታል። ከዚያ ወዲያ አንድ ብልጥ ሰው መልሶ 320 ሺሕ ብሎ ቢጽፍበት፥ ፋይሉ ይወፍራል እንጂ የሞተው ድምፅ አይነሣም። ከውርጌሳ ብዙ በማይርቀው በውጫሌ ስም የሚጠራው የሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል በ17ኛው ክፍሉ በአማርኛው ፈቃድ የነበረውን በኢጣልያኑ ግዴታ ያደረገው በአንዲት ቃል ነበር፤ ምኒልክ ስሕተቱን ያስረዱት የአማርኛው ቃል ከነሙሉው በእጃቸው ስለ ነበረ ነው። ዋናው ቅጂ በእጅ የሌለ ሰው ግን የታመቀው ፋይል ተሳስቷል ብሎ በምን ያስረዳል?

ስለዚህ በየወረዳው ባህልን እንዲጠብቁ የተሾሙ ሰዎች፥ እንዲሁም የአብነት ትምህርት ቤት አለቆች፥ ለማዳመጥ የሚሆነውንና ለማኖር የሚሆነውን ለይተው ሊያዩ ይገባል። ለማዳመጥ ኤም ፒ ስሪ መልካም ነው፤ የፈቃድ ክፍያውም በ2009 ዓ.ም. ስለ ቀረ ማንም በነጻ ይሠራበታል። ለማኖር ግን የድምፅ መዛግብት ጠባቂዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ያወጣው መመሪያ ያልታመቀ ቅጂ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ ያነሰ ቢባል በሴኮንድ 48,000 ጊዜ የተለካ፥ እያንዳንዱም ልክ በ24 ቢት የተጻፈ እንዲሆን ይላል። ቦታ የጠበበው ሰው በ1993 ዓ.ም. የወጣውን ፍላክ የተባለውን ስልት ቢጠቀም፥ ፋይሉ ወደ ግማሽ ያህል ይወርድለታል፤ ሲከፈትም ምንም ሳይጐድል እንደ ነበረ ይመለሳል።

ደግሞም በአንድ ማይክሮፎን የተቀረጸ የአንድ ሰው ዜማ ግራና ቀኝ የለውምና በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃዋል፤ ሁለት ጊዜ መጻፉ ቦታ ማባከን ብቻ ነው፤ መታመቅ ግድ ቢሆን እንኳ ቢቱ ሁሉ ለአንዱ መስመር ይሆንለታል። በዚህ ዓይነት ያልታመቀ የአንድ ሰዓት ቅጂ 518 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ 64 ጊጋባይት በምትይዝ አንዲት ካርድ ላይም ከ120 ሰዓት የሚበልጥ ይገባል። ይህች ካርድ ተገልብጣ ሁለተኛዋ በሌላ ቤት ስትቀመጥ፥ የመምህሩ ወይም የባልቴቷ ስም፥ የተቀረጸበት ቀንና ቦታ በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይታሰራል፤ ለስልክ የሚታደለው ትንሹ ፋይልም ሁልጊዜ ከእርስዋ ላይ ይወጣል እንጂ ከገበያ ተመልሶ አይገባባትም።