ስትሮክ የመታው እግር እንዴት ይራመድ?

ጎበሳ ውስጥ ግራ ጎናቸውን ስትሮክ የመታቸው አንድ አባት አውቃለሁ። ልጆቻቸው ጧት አቅፈው ፀሐይ ላይ ያወጧቸዋል፤ ማታ አቅፈው ያስገቧቸዋል። እሳቸውን ለማንሣት ሁለት ልጆች ከገብስ አጨዳ ቀርተዋል። ጠያቂውም በተራው «እግዜር ይማርዎ፤ አይነሡ፣ አይነሡ!» ይላል። መቼም ፍቅር ነው። ነገር ግን ሁለት ወር ሙሉ እግራቸው መሬት አልረገጠም!

ስትሮክ የሚጎዳው እግሩን ሳይሆን እግሩን የሚያዘውን አንጎል ነው። የተጎዳው ክፍል ቢሞትም የቀረው ሥራውን ሊማር ይችላል። የሚማረው ግን በመደጋገም ነው። ማሸት ሰውነት ያፍታታ ይሆናል እንጂ መራመድ አያስተምርም። መሻሻሉ ይበልጥ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ከዚያ በኋላም ቢሆን ተስፋ አይቆረጥም።

ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ይጀመር ማለቴ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ከ2,100 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት «አቨርት» የተባለ ጥናት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ የሚበዛ እንቅስቃሴ ማገገምን እንደሚጎዳ አሳይቷል። መጀመሪያ ሐኪም ይፍቀድ።

ዋናው ልምምድ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው። ዝቅ ያለች በርጩማ አትሆንም፤ ከፍ ያለ ወንበር ግድግዳ አስጠግታችሁ አስቀምጡ። በሽተኛው ሁለቱንም እግር መሬት ያስረግጥ፤ ደረቱን ወደ ፊት አዘንብሎ ይነሣ። ደካማው እግርም ድርሻውን ይሸከም። ጥቂት ጊዜ ይነሣና ይረፍ፤ ደግሞ ይቀጥል። ይህን ሲለምድ ቆሞ ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ያዛውር፤ እርምጃው ከዚያ ይመጣል። ደጋፊው በደካማው ጎን ቆሞ፣ ወገብ ላይ የታሰረ መቀነት ይያዝ። ክንድ አይጎተት! የላላ ትከሻ በቀላሉ ይጎዳል። ምርኩዝ በደህናው እጅ ይያዛል። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርድ የታመመው።

ነጠላ ጫማም ይቅር፤ የአርሲ የክረምት ጭቃ እንኳን ለበሽተኛ ለጤነኛም አይመች! የእግሩ ጣት እየተንጠለጠለ የሚያደናቅፈው ከሆነ፣ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ መሣሪያ ስላለ ባለሙያ ጠይቁ።

ከጎበሳ አሰላ በየቀኑ መመላለስ እንደማይቻል አውቃለሁ። ስለዚህ ለቀጠሮ ስትሄዱ፣ በሽተኛውን ቤት የሚያነሣው ልጅ አብሮ ይሂድ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው አያያዙን ለእሱ ያሳየው። በልምምዱ መሐል ደረት ከወጋ ወይም ራስ ከዞረ ወዲያው ይቁም። ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ውሰዱት።