«ይለቃል ወይ?»፦ ስለ ብርጭቆ ዶቃ ቀለም አሰያየም

በአዲስ አበባ፣ በስታዲየምና በመስቀል አደባባይ ዙሪያ፣ በበዓልና በሩጫ ቀን በእጅ ታስሮ ከሚታየው ጌጥ አንዱ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ዶቃ ነው። ገዢ ዶቃውን አገላብጦ ካየ በኋላ «ቀለሙ ይለቃል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጭም «አይለቅም» ይላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ቀዩ ፈዝዞ፣ ቢጫው ነጥቶ ሲገኝ ገዢ ተታለልሁ ማለቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ቀለሙ ልብስም ቆዳም ስላልነካ ሻጩ ዋሸ ለማለት አይቻልም። ጉድለቱ ያለው በጥያቄው ላይ ነው፤ ይኸውም ልዩ ልዩ የሆኑ ጉዳቶችን በአንድ ቃል ጠቅልለን በመጥራታችን ነው።

አስቀድመን ስለ ዕቃው ስም ጥቂት እንበል። ዶቃ የሚለው ቃል ከብርጭቆም፣ ከሸክላም፣ ከብረታ ብረትም፣ ከፕላስቲክም ለተሠራው የሚያገለግል ጠቅላላ ስም ነው። ጨሌ የብርጭቆውን ዶቃ ይበልጥ ቢያመለክትም ከዛር አምልኮ ጋር የተያያዘ ትርጉም ስላለው ለሙያ ስያሜ አይመችም። ስለዚህ «የብርጭቆ ዶቃ» የሚለውን መርጠናል።

የቀለሙን ጠባይ ለመረዳት የአሠራሩን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የብርጭቆ ጥሬ ዕቃ የሚቀልጠው ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ሙቀት ነው። ልብስ የሚነከርበት ዓይነት ቀለም በዚህ እሳት ተቃጥሎ ይጠፋል፤ ጸንቶ የሚቆየው ከማዕድን የተገኘው ብቻ ነው። ኮባልት ጥልቅ ሰማያዊ፣ መዳብ ውሃ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ብረትና ክሮሚየም አረንጓዴ፣ ማንጋኒዝ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣሉ። ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ ግን በአብዛኛው ካድሚየምና ሴሌኒየም ይፈልጋሉ፤ ጥሩ ሮዝና የከበረ ቀይ የሚገኘው ደግሞ ከወርቅ ነው። ብርጭቆ በራሱ ሊይዛቸው የሚችሉትን ቀለሞች ክልል «የቀለም ወሰን» ብንለው ይስማማል።

ከዚህ ወሰን ውጭ የሆነው፣ ወይም በወሰኑ ውስጥ ሆኖ ዋጋው የሚወደደው ቀለም፣ በዶቃው ላይ ይቀባል ወይም ይነከራል። በርካሽ የሚሸጥ ሮዝና ሐምራዊ ዶቃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። ከሦስቱ የሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች አረንጓዴው በቀላሉ ከብርጭቆው ጋር ሲዋሐድ፣ ሁለቱ ለቅብ የሚጋለጡት ስለዚህ ነው። ቀይ ብርጭቆ ውድ እንደነበር የቬኒስ ሠሪዎችም ያውቁ ነበር፤ ወደ አፍሪካ በብዛት ይላክ ከነበረው ዶቃቸው አንዱ ውስጡ ነጭ፣ ላዩ ብቻ ቀይ ነበር። ይህ ግን ቅብ ሳይሆን ብርጭቆ በብርጭቆ ላይ የተደረበበት ነው።

ለጉዳቶቹ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገንም፤ ሕዝቡ የሚናገርባቸው ግሦች በቂ ናቸው። የሚጎድለው ለእያንዳንዱ ድርሻውን መስጠት ብቻ ነው።

1. ለቀቀ፦ ቀለሙ በውሃ፣ በላብ ወይም በሽቶ ሟሙቶ ሌላ ነገር ሲነካ። ምልክቱ በልብስ ወይም በቆዳ ላይ ይታያል።

2. ተላጠ፦ ቅቡ ከብርጭቆው ተነሥቶ ሲወድቅ። በመተሻሸት ብዛት ሲያልቅ ግን «ተፋቀ» ማለት ይሻላል።

3. ደበዘዘ፦ የተቀባው ወይም የተነከረው ቀለም በብርሃን ኃይል ሲፈርስ። ምንም ነገር አይነካም፤ ባለበት ይጠፋል። ከላይ በጠቀስነው ግብይት የደረሰው ይህ ነው።

4. ጠቆረ፦ በቀዳዳው ውስጥ የተለበጠው ብር ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ሲጨልም። እዚህ ላይ የተለወጠው የብርጭቆው ቀለም ሳይሆን በውስጡ ያለው ብር ነው።

5. ወየበ፦ ነጭ ወይም ፈዛዛ ቅብ ወደ ወይባ ሲለወጥ።

ቀለሙ ከማዕድን ተገኝቶ ከብርጭቆው ጋር የተዋሐደ ዶቃ ከእነዚህ ከአብዛኞቹ የተጠበቀ ነው። በአክሱም መቃብሮች በቁፋሮ የተገኙት የብርጭቆ ዶቃዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ቀለማቸው ይለያል። በቦረና፣ በሐመርና በኮንሶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ለሚውል ጌጥም እንዲህ ያለው ዶቃ ተመራጭ መሆን ይገባዋል።

ጌጥ ሠሪው ከመግዛቱ በፊት በቀላሉ ሊፈትን ይችላል። ጥቂት ፍሬ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በውሃ ቢነክር መልቀቁን ያያል፤ በአሴቶን ቢያሽ ቅብ መሆን አለመሆኑን ይረዳል። ከአንዱ ክር ግማሹን በመስኮት፣ ግማሹን በሣጥን ለጥቂት ሳምንታት አኑሮ ቢያስተያይ መደብዘዙን ይለያል። እነዚህ ሦስት ፈተናዎች ለሦስት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ፤ በአንዱ ያለፈ ዶቃ በሌላው ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ገዢ «ይለቃል ወይ?» ብቻ ብሎ ከመተው «ይላጣል ወይ? ፀሐይ ላይ ይደበዝዛል ወይ?» ብሎ እንዲጨምር፣ ሻጭም ለእያንዳንዱ ለየብቻ እንዲመልስ እናሳስባለን። በየአካባቢው ያሉ ጌጥ ሠሪዎች ለእነዚህ ጉዳዮች የሚጠቀሙባቸው ሌሎች ቃላት ቢኖሩ፣ ከዚህ ዝርዝር ጋር ተገናዝበው ቢመዘገቡ የሙያው ቋንቋ ይበልጥ ይሟላል።