በ200 ሚሊዮን ዶላር የጸደቀ ሕግ

ሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት አጠገብ የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ቦታ አለ። አንዱ ወንበሩን አጋድሞ ያሸልባል፣ አንዱ ከቤት የቋጠረውን ፍርፍር ይበላል፣ ሌላው አገር ቤት ደውሎ ይጨቃጨቃል፤ የሁሉም ዓይን ግን ስልኩ ላይ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ እዚያ የሚያልፈው ጊዜ ከሥራ አይቆጠርም። ሥራ የሚጀመረው ጥሪውን ስንቀበል ነው፤ ተሳፋሪው ሲወርድ ያበቃል። ይህን ሕግ ያወጣው ምክር ቤት አይደለም። ኩባንያዎቹ ራሳቸው አርቅቀው በሕዝብ ድምፅ ያስጸደቁት ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2018 ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሠራተኛውን «የግል ተቋራጭ ነው» የሚል አሠሪ ይህንኑ ራሱ ያስረዳ አለ። ሰውየው የሚሠራው የድርጅቱን ዋና ሥራ ከሆነ ተቀጣሪ ነው። ሰው ማመላለስ የኡበር ዋና ሥራ አይደለም ብሎ መከራከር ለማንም ይከብዳል፤ ኩባንያዎቹ ግን «እኛ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ነን» ብለው ተከራከሩ። በ2019 የምክር ቤት አባሏ ሎሬና ጎንዛሌዝ ያቀረቡትን ኤ ቢ 5 የተባለ ሕግ ገዢው ጋቪን ኒውሰም ፈረሙበት። ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የሥራ አጥ ድጎማ ለእኛም ሊደርስ ነው ተባለ። ኩባንያዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ግዛቱ ከሰሳቸው፣ ዳኛ ትእዛዝ ሰጠ፤ እነሱም አገልግሎቱን እንዘጋለን ብለው አስፈራሩ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ትእዛዙን አገደላቸው።

የፈለጉት እስከ ኖቬምበር 2020 ምርጫ መድረስ ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ በቂ ፊርማ ያሰባሰበ ወገን ሕግ አርቅቆ በቀጥታ ለመራጩ ማቅረብ ይችላል። ይህ መብት በ1911 የመጣው ሳውዘርን ፓስፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ የግዛቱን ፖለቲካ በእጁ አስገብቶ ስለነበር ነው፤ ሕዝቡ ኩባንያውን አልፎ ይናገር ተብሎ የተከፈተ በር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያው በር የገቡት ኩባንያዎች ሆኑ።

ኡበርና ሊፍት፣ ከዕቃ አድራሾቹ ዶርዳሽ፣ ኢንስታካርትና ፖስትሜትስ ጋር ሆነው፣ ሾፌሩን ተቋራጭ አድርጎ ለሚያቆየው ፕሮፖዚሽን 22 ለተባለው ሕጋቸው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱ። በአብዛኛው በሠራተኛ ማኅበራት የሚደገፈው ተቃዋሚ ወገን 20 ሚሊዮን አካባቢ ነበረው። ቴሌቪዥን ሲከፈት ፈገግታ የማይለየው ሾፌር ብቅ ይላል፤ ልንሠራ አፑን ስንከፍትም ቅስቀሳው ይቀድመናል። የኡበር ሾፌሮች ይህ ጫና ነው ብለው ከስሰው ነበር። ፕሮፖዚሽን 22 ከመቶ 58 በላይ ድምፅ አግኝቶ አለፈ። ከእኛ ብዙዎቹ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት ስላልነበራቸው ድምፅ መስጠት አልቻሉም።

የደገፉትን ግን ሞኝ አልላቸውም። ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ አዛውንት ሾፌርን «ጋሼ፣ እርስዎ ምን መረጡ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ሲኖር አፑን ዘግቼ እሄዳለሁ። አለቃ ቢኖረኝ ማን ይለቀኛል?» አሉኝ። ክርክሩን ያሸነፈው ይኸው ፍርሃት ነው። ኤ ቢ 5 ግን በፈለግህ ሰዓት አትሥራ የሚል ነገር የለበትም። ፈረቃ እናወጣባችኋለን ያሉት ኩባንያዎቹ ናቸው።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ። ፕሮፖዚሽን 22 ከዝቅተኛው ደመወዝ 120 በመቶ ይከፈላችኋል ይላል። በ2021 የግዛቱ ዝቅተኛ ደመወዝ 14 ዶላር ስለነበር 16.80 ይመጣል፤ ለጆሮ ደስ ይላል። የሚታሰበው ግን በጥሪ ላይ ላለን ጊዜ ብቻ ነው። በሳምንት 50 ሰዓት ከመኪና ያልወረደ ሰው 17ቱን በጥበቃ ካሳለፈ፣ ዋስትናው ለ33ቱ ነው። የ33ቱ ሰዓት ክፍያ ለ50 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 11 ዶላር ከሳንቲም ይሆናል። ለመኪናው ወጪ ደግሞ በማይል 30 ሳንቲም ተመደበ፤ የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ለአንድ ማይል የሚያስበው 56 ሳንቲም ነበር። ጎማው፣ ዘይቱ፣ የመኪናው ማርጀት የሾፌሩ ዕዳ ነው። ተሳፋሪ ፍለጋ ባዶውን የተነዳው ማይል ጭራሽ አይታሰብም።

ወጪው በሾፌሩም አላበቃም። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ ኡበርና ሊፍት ሾፌሮቹን እንደ ተቀጣሪ ቢይዙ ኖሮ ከ2014 እስከ 2019 ለግዛቱ የሥራ አጥ ድጎማ ፈንድ 413 ሚሊዮን ዶላር ባስገቡ ነበር። ኮሮና መጥቶ መንገዱ ጭር ሲል ለእኛ የደረሰልን የፌዴራል መንግሥት ልዩ ድጎማ፣ ማለትም የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው።

ፕሮፖዚሽን 22ን ለማሻሻል በሁለቱም የግዛቱ ምክር ቤቶች ከስምንት ሰባት እጅ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከ80ው የታችኛው ምክር ቤት አባላት 70ው ማለት ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ስምምነት የት ይገኛል? በ2021 አንድ ዳኛ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ቢሉም፣ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁላይ 2024 አጸናው።

በ2025 ሾፌሮች ተደራጅተው እንዲደራደሩ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ተቋራጭነታችን አልተነካም፤ የጥበቃው ሰዓትም እንደነበረ ነው። ኩባንያዎቹ ይህን የተቀበሉት በልዋጭ ነው፦ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ሲገጨን እንዲሸፍን የሚገዙት የ1 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና በሰው ወደ 60 ሺህ፣ በአደጋ ወደ 300 ሺህ ዶላር እንዲወርድ ሌላ ሕግ አብሮ ተፈረመላቸው።