የግራፉ መስመር ከየትኛው ቀን ይነሳ?

«የ2017ን የዶላር ምንዛሪ በግራፍ ሥሩልን» ቢባል ትእዛዙ ግልጽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ዘመኑ 2017 የሚገባው መስከረም 1 ቀን ነው። የ2017 በጀት ዓመት ግን የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2016 ነው። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ማለትም በሁለቱ መነሻዎች መካከል ነው።

በበጀት ዓመቱ የተሠራው ግራፍ ከ57 ብር ገደማ ይነሳል፤ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ በአንድ ቀን ወደ 74 ይዘላል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ከ130 ያልፋል። ከእንቁጣጣሽ የጀመረው ግን ዝላዩን ጨርሶ አያሳይም። እሱ ሲነሳ ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ዝግ ያለ አቀበት ብቻ ነው። ሁለቱም ግራፎች ላይ የተነካ ቁጥር የለም፤ ሆኖም የሚናገሩት ነገር የተለያየ ነው።

እኔ ብሆን መነሻውን ወደ ሐምሌ 2015 እመልሰዋለሁ። አንድ ለውጥ ትልቅ ነው ለማለት ከለውጡ በፊት የነበረውን ማየት ያስፈልጋል፤ በዚያ ዓመት ተመኑ ከ54 ብር አካባቢ ወደ 57 ነበር የተንፏቀቀው። ከዚህ ጋር ሲተያይ ነው ዝላዩ ዝላይ የሚሆነው። ብዙ ወደ ኋላ መሄድም የራሱ ጣጣ አለው። በ1985 ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ከ57 ወደ 130 መውጣትም እንዲሁ ከእጥፍ በላይ ነው። በአንድ ግራፍ ላይ ቢሰለፉ ግን የ1985ቱ ከወለሉ ብዙም ከፍ አይልም። ለሱ ሌላ ግራፍ መሥራት ይሻላል።

ኤክሴልን ዝም ካሉት መነሻና መድረሻውን ራሱ ይመርጣል፤ የሚመርጠውም መዝገቡ ውስጥ ባሉት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኖች ነው። ስለዚህ አንድ ሰው 2016 ለማለት 2106 ብሎ ከጻፈ አግድሙ ዘንግ በ90 ዓመት ይለጠጥና ትክክለኛው መረጃ ሁሉ ግራ ጥግ ላይ ይታጨቃል። እንዲህ ያለ የተጨማደደ ግራፍ ሲያዩ ዘንጉን ከማስተካከል በፊት መዝገቡን ይፈትሹ።

በእጅ ለመወሰን ዘንጉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ «ፎርማት አክሲስ» ውስጥ ሚኒመምና ማክሲመም የሚሉትን መሙላት ነው። እዚያ ሲደርሱ 45481 ዓይነት ቁጥር ቢያዩ አይደንግጡ። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምርና በየቀኑ አንድ ይጨምራል። 45481 ጁላይ 8 ቀን 2024 ነው፤ በኛ ሐምሌ 1 ቀን 2016። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017፣ 45845 ይሆናል። በፓይተን ለሚሠሩም መነሻና መድረሻ መስጠት ቀላል ነው፤ ቀኑ እንደ ተራ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ቀን መነበቡን ብቻ ማረጋገጥ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር በኛ አገር መዝገቦች ላይ ብዙ ያስቸግራል። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ ከተስተካከለ፣ ኅዳር 15 ለማለት 15/3/2017 ብለው ሲጽፉ ማርች 15 ነው ብሎ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበላል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብለው ሲጽፉ ግን ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጳጉሜማ 13ኛ ወር ስለሆነች ቦታም የላትም። ቀኖቹ እንደ ጽሑፍ ከተወሰዱ ደግሞ ዘንጉ በቀናት ርቀት መለካቱን ይተውና ነጥቦቹን እኩል እኩል ይደረድራቸዋል፤ ከ1985 እስከ 2010 ያለው ሩብ ምዕተ ዓመትና ከ2016 እስከ 2017 ያለው አንድ ዓመት እኩል ስፋት ያገኛሉ። ሁለት ዓምድ መያዝ ነው የሚያዋጣው፤ አንዱ በፈረንጁ ለግራፉ፣ ሌላው በኛ ለአንባቢው። ሲያመሳክሩ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ፣ ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት ደግሞ 12 ላይ እንደሚውል አይርሱ።

መድረሻውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የየወሩን ሽያጭ የሚያሳይ ግራፍ ወሩ ሳያልቅ ከተሠራ የመጨረሻው ነጥብ ያሽቆለቁላል፤ ገበያው ስለወደቀ ሳይሆን ወሩ ስላልሞላ። ያላለቀውን ወር ከዘንጉ ማስቀረት ወይም በነጠብጣብ መስመር መለየት ይገባል። በእጅ የሞሉት ማክሲመም ደግሞ እዚያው ተቸንክሮ ይቀራል። በሚቀጥለው ወር አዲስ ቁጥር ሲያስገቡ ኤክሴል ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ አዲሱ ነጥብ ከዘንጉ ውጭ ስለሚውል ግራፉ ባለፈው ወር እንደነበረ ሆኖ ይታያል።