ኳስን ተከትሎ በሰው አገር ከተማ

ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰበት በጥር ወር 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹን ለመደገፍ ደቡብ አፍሪካ ከተጓዙት አንዱ ነበርኩ። በኔልስፕሩት ስታዲየም አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለብሶ የዋለውን ሕዝብ በቴሌቪዥን ያዩ ወዳጆቼ፣ ይህ ሁሉ ሰው ከአዲስ አበባ እንዴት እንደሄደ ይጠይቁኛል። አብዛኛው ከዚህ አልሄደም፤ እዚያው የሚኖር ነበር።

ውድድሩ በመጀመሪያ የተሰጠው ለሊቢያ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በተነሳው ጦርነት ምክንያት ግን ወደ ደቡብ አፍሪካ ተዛወረ። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በንግድ የሚተዳደሩባት አገር ናት። ውድድሩ ትሪፖሊ ላይ ቢካሄድ ኖሮ ያን የመሰለ ደጋፊ ባልተገኘ ነበር።

ጆሃንስበርግ የደረሰ ደጋፊ ቀድሞ የሚያቀናው ወደ ጄፒ ነው። ጎዳናው ዛሬ ራሂማ ሙሳ ተብሎ ቢሰየምም ሐበሻው የሚጠራው በቀድሞ ስሙ ነው። ድሮ የሐኪሞች ክሊኒክና ቢሮ የነበሩት ፎቆች እየተሸነሸኑ ትንንሽ ሱቆች ሆነዋል። ከፎቅ ፎቅ እየወጣሁ ስዞር ብርድ ልብስና ጫማ ከተከመረበት በር አጠገብ ቡና ሲቆላ፣ እንጀራ ሲቀርብ አየሁ።

እኔ የከሚሴ ልጅ ነኝ። በአማራ ክልል የኦሮሚያ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በከሚሴ ገበያ በኦሮምኛ የተጀመረ ድርድር በአማርኛ ቢያልቅ ማንም አይደነቅም። ጄፒም እንዲሁ ናት፤ ከሁለቱ በተጨማሪ ሀድይኛና ከምባትኛ ይሰማል፣ ከደንበኛ ጋር ደግሞ ዙሉኛ ይነገራል። በማላውቀው ከተማ እንግድነት ያልተሰማኝ በዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

የእነዚህ ሰዎች ድጋፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈላቸው የገባኝ ቀኖቹን ስቆጥር ነው። ከዛምቢያ ጋር የተጫወትነው ሰኞ ጥር 13፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ዓርብ ጥር 17፣ ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ በሩስተንበርግ ማክሰኞ ጥር 21 ነበር። ሦስቱም የሥራ ቀናት ናቸው። ነጋዴን ሰኞ ሱቅህን ዝጋ ማለት በእኛ ዞን የባቲን ነጋዴ የሰኞ ገበያህን ተው እንደማለት ነው። ከጆሃንስበርግ ኔልስፕሩት ያለው መንገድም ከአዲስ አበባ ከሚሴ እንደመሄድ ነው፤ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሱቁን ዘግቶ፣ መኪና ተጋርቶ የመጣው ብዙ ነበር።

በመጀመሪያው ጨዋታ ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። በንዴት ቩቩዜላ ወደ ሜዳ የወረወሩም ነበሩ። ሆኖም በ10 ተጫዋች የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ጎል ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ 1 ለ 1 ተለያየ። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ለፍጻሜ የደረሱትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ጨዋታው ሲያልቅ ብዙዎቹ የለበሱትን ባንዲራ አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱ አስተዋልኩ። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ ዜጎች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ሎኬሽን በሚሏቸው የጥቁሮች ሰፈሮች ሱቅ ያለው ሐበሻ የውጭ ዜግነቱን በአደባባይ አያውጅም። ስታዲየሙ ግን የመጣበትን አገር ስም ጮክ ብሎ የሚጠራበት ቦታ ሆኖለት ነበር።

በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በደርባን ጥቃቱ ዳግም ሲነሳ ከተዘረፉትና ከተቃጠሉት መካከል የኢትዮጵያውያን ሱቆች ነበሩበት። ዜናውን ስሰማ የታወሱኝ ሰኞ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡት ናቸው። ዋልያዎቹ ወደፊት ሲጓዙ የሚከተል ደጋፊ፣ ከስታዲየሙ በፊት የአገሩ ልጆች የሚሠሩበትን ሰፈር ቢዞር፣ ከዚያው ቢበላ፣ እንዴት እንደሚኖሩም ቢጠይቅ መልካም ነው። በሰው አገር ሜዳ ቡድናችንን ብቻውን ያልተዉት እነሱ ናቸው።