«አይሆንም» ለማለት የማስተርስ ዲግሪ

በትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ ዕቃ የማይሸጥ፣ ዕዳ የማይሰበስብ፣ ጨረታ የማያሸንፍ ሠራተኛ አለ። ሥራው ውል ሊፈረም ሲል ብድግ ብሎ «ይኼ አይሆንም» ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሰው ጠቀም ያለ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ የሕግ ትምህርት ቤቶችም በማስተርስ ደረጃ ያሠለጥኑታል። ሙያው ኮምፕሊያንስ ይባላል፤ በእኛ መሥሪያ ቤቶች አነጋገር የሕግ ተገዢነት የሚባለው ነው። ከጎኑ «ሥነ ምግባር» የሚል ቃል ስለሚታከልበት ነገሩ ስብከት የሚመስለው ነጋዴ ብዙ ነው። ስብከት ሳይሆን ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1991 ነው። በዚያ ወር የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጥፋተኛ በሆነ ድርጅት ላይ የገንዘብ ቅጣት የሚወስኑበት መመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። መመሪያው ለድርጅቱ እንደ ተማሪ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ነጥብ ሲበዛ ቅጣቱም መብዛቱ ነው። መነሻው 5 ነጥብ ነው። የበላይ ኃላፊዎች በጥፋቱ እጃቸው ካለበት፣ ምርመራ ካደናቀፉ ወይም ድርጅቱ ቀደም ሲልም ተቀጥቶ ከሆነ ይጨመራል። ጥፋቱ ሲፈጸም በሚገባ የሚሠራ የሕግ ተገዢነት ፕሮግራም ከነበረ ግን 3 ነጥብ ይቀነሳል። ድርጅቱ መንግሥት ሳይደርስበት ራሱን ካጋለጠ፣ ከመርማሪዎች ጋር ከተባበረና ጥፋቱን ካመነ ደግሞ 5 ነጥብ ይቀነስለታል።

እስቲ በገንዘብ እንመንዝረው። የቅጣቱ መነሻ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። 5 ነጥብ ላይ የቆመ ድርጅት ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር ይጠየቃል። በፕሮግራሙ ምክንያት ወደ 2 ነጥብ የወረደው ከ4 እስከ 8 ሚሊዮን ይከፍላል። 10 ነጥብና ከዚያ በላይ የደረሰው ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ሲጠየቅ፣ ዜሮ ላይ ያረፈው ከግማሽ ሚሊዮን እስከ 2 ሚሊዮን ከፍሎ ይገላገላል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ መመሪያው ዳኞችን አያስገድድም፤ ሆኖም ዓቃቤ ሕግና ኩባንያ ሲደራደሩ የሚነሱት ከዚሁ ሠንጠረዥ ነው። ኮምፕሊያንስ መጀመሪያ ሙያ፣ ቀጥሎም ዲግሪ ለመሆን የበቃው በአብዛኛው በዚህ የዋጋ ልዩነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ሥነ ምግባር» የሚለው ቃል በመመሪያው ውስጥ ከፕሮግራሙ ስም ጋር የተጣመረው ዘግይቶ፣ በ2004 ማሻሻያ ነው።

የሲመንስን ጉዳይ የማያነሳ መምህር ያለ አይመስልም። የጀርመኑ ኩባንያ በየአገሩ ለባለሥልጣናት ጉቦ ሲያድል ተደርሶበት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ሲስማማ፣ በሠንጠረዡ መሠረት ከ1.35 እስከ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ይጠብቀው ነበር። ለፍትሕ ሚኒስቴር የከፈለው 450 ሚሊዮን ነው። ከተያዘ በኋላ ራሱን በሰፊው አስመርምሮ ሰነዱን ማስረከቡና የቁጥጥር ክፍሉን እንደ አዲስ ማደራጀቱ ተቆጥሮለታል። ለአሜሪካው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን የከፈለው 350 ሚሊዮንና በጀርመን የተጣለበት ሲደመር ግን ጠቅላላ ወጪው 1.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። የሚገርመው ሲመንስ ያን ጊዜም ጉቦ የሚከለክል ደንብ ነበረው። ደንቡ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሠራተኞች ጥሬ ገንዘብ በሻንጣ የሚያወጡበት መስኮት እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። የኤንሮንም ነገር እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 የኪሳራ ማመልከቻ ሲያስገባ 64 ገጽ የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው።

በአንጻሩ የሞርጋን ስታንሊን ጉዳይ እንመልከት። የባንኩ አንድ ከፍተኛ ሠራተኛ በሻንጋይ በነበረ የሕንፃ ሽያጭ ከአንድ የቻይና ባለሥልጣን ጋር በሥውር ተሻርኮ በ2012 ጥፋቱን አመነ። ባንኩ ግን አልተከሰሰም። መዝገቡ ሲገለጥ ሠራተኛው ስለ ፀረ ጉቦ ሕግ 7 ጊዜ ሠልጥኗል፣ ቢያንስ 35 ጊዜ ማሳሰቢያ ተልኮለታል፤ ይኼ ሁሉ ከነቀኑ ተጽፎ ተገኘ። «ነግረነው ነበር» ማለት ለማንም አይከብድም፤ ባንኩን ያዳነው መቼና ስንት ጊዜ እንደነገረው ማሳየት መቻሉ ነው።

ትምህርቱ በሁለት መልክ ይሰጣል። አንደኛው ሕግ ላጠኑ ሰዎች የሚሰጥ የሕግ ማስተርስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለሒሳብ ባለሙያ፣ ለባንክ ሠራተኛና ለመሳሰሉት የተዘጋጀ ነው። በኒውዮርክ የሚገኘው የፎርድሃም የሕግ ትምህርት ቤት በሁለቱም መልክ አስተምሯል። ተማሪው በ1977 የወጣውን የውጭ ባለሥልጣናትን በጉቦ መያዝ የሚከለክለውን ሕግ፣ የገንዘብ ማጠብን፣ ማዕቀብንና የመረጃ ጥበቃን ይማራል። ጥፋት ለሚጠቁሙ ሰዎች የሚሰጠውን ጥበቃና ወሮታም ያጠናል። በ2010 ሕግ መሠረት ጥቆማው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅጣት ካስገኘ ጠቋሚው ከተሰበሰበው ከ10 እስከ 30 በመቶ ያገኛል። አለቃ ሰምቶ ዝም ያለውን ሠራተኛ መንግሥት በጥሬ ገንዘብ እንደሚያዳምጠው ማወቅ ለማንኛውም ባለቤት ይጠቅማል።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን የሽያጭ ኮታን ነገር የሚመረምረው ነው። ዌልስ ፋርጎ የተባለው ባንክ ሠራተኞቹ ለእያንዳንዱ ደንበኛ 8 ዓይነት አገልግሎት እንዲሸጡ ይገፋ ነበር። ሠራተኛው ኮታውን ሊሞላ ደንበኛ ሳያውቅ ሒሳብ መክፈት ጀመረ። በሴፕቴምበር 2016 ጉዳዩ ሲፈነዳ 2 ሚሊዮን ያህል አጠራጣሪ ሒሳቦች ተቆጠሩ፤ 5,300 ገደማ ሠራተኞች ተባረሩ፤ ባንኩም 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በ2020 ደግሞ ተጨማሪ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እዚያም ደንብ ነበር፣ ሥልጠናም ነበር። ኮሚሽኑና ኮታው ግን ከደንቡ በተቃራኒ ይጎትቱ ነበር። ይህን ያልመረመረ የኮምፕሊያንስ ምሩቅ ፊርማ ከማሰባሰብ አያልፍም።

ወደ እኛ ገበያ ስንመጣ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ባንኮች በ2005 ዓ.ም. ከወጣው የፀረ ገንዘብ ማጠብ አዋጅ ቁጥር 780 ወዲህ ኃላፊ መድበው የሚያሠሩት ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1248 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። በገበያው ፈቃድ አውጥቶ የሚሠራ አገናኝ ድርጅትም የሕግ ተገዢነት ኃላፊ እንዲኖረው ይጠበቃል። ትናንት በቃል፣ በእጅ መጨባበጥ ይሠራ የነበረ ደላላ ነገ ትእዛዙን፣ የደንበኛውን ማንነትና የተከፈለውን ኮሚሽን በመዝገብ ማሳየት ሊኖርበት ነው።

ስለዚህ ሠራተኛውን ወይም ልጁን ለዚህ ትምህርት ወደ አሜሪካ ለመላክ የሚያስብ ባለሀብት፣ የትምህርቱ ከፊሉ እዚያው የሚቀር የአሜሪካ ሕግ መሆኑን ይወቅ። ሻንጣ ውስጥ ገብቶ የሚመጣው የውስጥ ምርመራ አካሄድ፣ የአደጋ ግምገማ፣ የመዝገብ አያያዝና የኮሚሽን አወሳሰን ነው። ኮርሶቹን ሲመርጥ እነዚህ መኖራቸውን ይጠይቅ።

ምሩቁ ከተመለሰ በኋላስ ለማን ይጠራል? ብዙ ድርጅት ከሽያጭ ኃላፊው ሥር ያስቀምጠዋል። በአሜሪካው መመሪያ በዚህ ጥያቄ ላይ ገንዘብ አለበት። በ2010 ማሻሻያ መሠረት የበላይ ኃላፊ በጥፋቱ ውስጥ ተገኝቶ እንኳ ድርጅቱ 3 ነጥቡን ላያጣ ይችላል፤ ለዚህም የኮምፕሊያንስ ኃላፊው በቀጥታ ለዳይሬክተሮች ቦርድ የሚጠራ መሆን አለበት። ጥፋቱንም ድርጅቱ ራሱ፣ ከውጭ ሰው ቀድሞ ደርሶበት ሳይውል ሳያድር ለመንግሥት ማሳወቅ ይኖርበታል። ኃላፊው ራሱ በነገሩ ውስጥ ካለበት ግን ነጥቡ የለም።